ምንጣፍ ላይ መሸነፍ ሰውን ትሑት ያደርጋል ወይ?

የብራዚል ጂዩ-ጂትሱ የሚባለውን፣ ምንጣፍ ላይ ባላጋራን በማነቅና መገጣጠሚያውን በመቆለፍ የሚያሸንፉበትን የትግል ስፖርት የሚሠለጥኑ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚገናኙበት የውይይት መድረክ ላይ ከሰሞኑ የተከፈተ አንድ ክር ሠላሳ ያህል መልሶች ተሰጥተውበታል። ጉዳዩ ልቤን ስለነካው፣ መልስ ከሰጡትም አንዱ ስለሆንኩ፣ የተባለውን በቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር እዚህ አሰፍራለሁ።

ክሩን የከፈተው በቨርጂኒያ የሚኖር፣ ለዓመታት ብረት ሲያነሣ የቆየና ክብደቱ 90 ኪሎ ገደማ የሆነ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሳምንቱን ሲተርክ፣ አሠልጣኙ በሠላሳ ኪሎ ከምታንሰው ሰማያዊ ቀበቶ ካላት ሴት ጋር (የአዋቂዎች ማዕረግ ከነጭ ወደ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማና ጥቁር ቀበቶ ይወጣል) እንዳጣመረው፣ እርሱም እንዳይጎዳት ፈርቶ በዝግታ እንደጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ ግን አንገቱና አንድ ክንዱ በእግሮቿ መካከል ተቆልፈው ታፕ ለማድረግ፣ ማለትም እጅ መስጠቱን በምልክት ለማሳየት፣ እንደተገደደ ጻፈ። በዚያው ዙር ባለ በሌለ ኃይሉ ቢታገልም ደጋግማ አሸንፋዋለች። ከዚህ ተነሥቶ የሰውን ትዕቢት እንደ ጂዩ-ጂትሱ የሚሰብር ስፖርት እንደሌለ፣ ስለ ጉልበቱ የሚያወራ ሰው ሁሉ አንድ ወር ምንጣፍ ላይ ቢከርም ጠባዩ እንደሚለወጥ አስረግጦ ተናገረ። ሁለት ነገርም ጠየቀ፤ አንደኛው እያንዳንዱን ሰው ዝቅ ያደረገው አጋጣሚ የትኛው እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ያ ትሕትና ከጂሙ በር ወጥቶ ቤትና ሥራ ቦታ ድረስ ይከተል እንደሆነ።

መልስ 1። በዱባይ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወንድም ሰላምታውን አስቀድሞ የከፋቹን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እንደሚጋራ ገለጸ። ጉልበት ምንጣፍ ላይ እንዴት እንደሚከዳ የሰጠው መግለጫ በጣም ጥሩ ነበር። አዲስ ሰው ሲጨንቀው ትንፋሹን ይይዛል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ያገኘውን የኪሞኖ (የሥልጠናው ልብስ) ጨርቅ ሁሉ ጨምድዶ ይይዛል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዱ ይደነዝዛል፣ ጣቶቹም መጨበጥ ይሳናቸዋል፤ ከላይ ያለው ሰው ግን ያን ጊዜ ገና ሥራውን አልጀመረም። እርሱ ራሱ ከመጀመሪያው ሥልጠና በኋላ የውኃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት አቅቶት፣ ጥቂት ቀደም ብሎ አንገቱን የቆለፈውን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ክፈትልኝ ብሎ መለመኑን ጨምሮ ጻፈ።

መልስ 2 እና 3። ስፖርቱን የማታውቅ አንዲት አንባቢ ታፕ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ በሕክምና ሙያ ላይ ያለ ሌላ ተሳታፊም በትዕግሥት አስረዳት። የተያዘው ሰው በእጁ የባላጋራውን አካል ወይም ምንጣፉን መታ መታ ያደርጋል፣ እጁ ከታሰረ በእግሩ ይመታል ወይም በቃሉ ይናገራል፤ ያን ጊዜ የያዘው ወዲያው መልቀቅ አለበት። በሚገባ የተያዘ የአንገት ማነቆ የሚጫነው የአየር ቧንቧን ሳይሆን በአንገት ግራና ቀኝ ደም ወደ አንጎል የሚወስዱትን ሁለቱን ሥሮች በመሆኑ፣ ታፕ ያላደረገ ሰው በአሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ቦክሰኞች በየቀኑ በሙሉ ኃይላቸው ቢደባደቡ ጤናቸው አይተርፍም፤ ጂዩ-ጂትሱ የሚሠለጥኑ ግን ይህ ምልክት ስላላቸው በእውነተኛ ጉልበት ታግለው በሰላም ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ይህን ማብራሪያ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

መልስ 4። ልጅነቱን በገጠር ከብት እየጠበቀ ከእረኞች ጋር ሲታገል ያሳለፈ አንድ ሰው የጻፈው፣ ከክሩ ሁሉ ለእኔ እጅግ አስተማሪው ነው። በሜዳው ትግል ጀርባው መሬት የነካ ሰው ተሸናፊ ነው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ጂም በገባበት ቀን አብረውት የጀመሩትን ሁሉ እየጣለ ኩራት ተሰማው፤ ግን የጣላቸው ሰዎች በጀርባቸው ተኝተው እግሮቻቸውን በወገቡ ዙሪያ ጠምጥመው ትግሉን ቀጠሉ፤ የጂዩ-ጂትሱ ሥራ ገና መጀመሩ ነበርና። እርሱ ሲወድቅ ደግሞ ጀርባዬ መሬት ነካ የሚለው የልጅነት እፍረት ከሐሳቡ ቀድሞ ሰውነቱን ያዘው፤ ተገልብጦ በሆዱ ይተኛል፣ ጀርባውን ለባላጋራው ይሰጣል፣ ክንድም ከአገጩ ሥር ገብቶ ያንቀዋል። በውድድር ጣይ 2 ነጥብ ሲያገኝ፣ ጀርባ ላይ ወጥቶ በሁለት እግሩ የተቆጣጠረ ግን 4 ነጥብ የሚያገኘው ያ ቦታ ከሁሉ የከፋ አደጋ ስለሆነ ነው። ሰውየው በጀርባው መተኛትን እስኪቀበል ወራት ፈጀበት፤ ከመሸነፉ ይልቅ የከበደው እንደ ክብር ይዞት ያደገው ነገር ራሱ እያሸነፈው መሆኑን መቀበሉ እንደነበረም ገለጸ።

መልስ 5። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ታሪክ ዞረ። አንዱ፣ የስፖርቱ አባት የሚባለው ኤሊዮ ግሬሲ በሰውነቱ ደቃቃ ሆኖ ሳለ በሕይወቱ አንድም ቀን እንዳልተሸነፈ ጻፈ።

መልስ 6። ሌላው በጨዋነት፣ ግን ያለ ማመንታት አረመው። ትምህርቱ ወደ ብራዚል የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 እዚያ በደረሰው፣ ኮዶካን በሚባለው የጃፓን የጁዶ ትምህርት ቤት በተማረው በሚትሱዮ ማኤዳ ሲሆን፣ በቤሌም ከተማ ከእርሱ የተማረው የኤሊዮ ታላቅ ወንድም ካርሎስ ነው። ኤሊዮም ተሸንፏል፤ በጥቅምት ወር 1951 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ማራካና ስታዲየም ከጃፓናዊው የጁዶ ሊቅ ከማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጥሞ፣ ክንዱ ወደ ኋላ ተጠምዞ ሲሰበር ታፕ አላደረገም፤ ግጥሚያው የቆመው ካርሎስ ሽንፈቱን ተቀብሎ ፎጣ በመወርወሩ ነው። በ1955 ደግሞ ቀድሞ ደቀ መዝሙሩ የነበረው ቫልደማር ሳንታና ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ በፈጀ ግጥሚያ አሸንፎታል። መልስ ሰጪው አክሎም፣ ክንዱን የሰበረው ያ አያያዝ ዛሬ በየጂሙ ኪሙራ ተብሎ በአሸናፊው ስም እንደሚጠራ አስታወሰ።

መልስ 7 እና 8። አንዱ የኤሊዮን ልጅ የሮይስን ታሪክ ጨመረ፤ በ1993 በዴንቨር በተደረገው የመጀመሪያው የዩ.ኤፍ.ሲ (የተለያየ የትግል ስልት ያላቸው ሰዎች የሚገጥሙበት) ውድድር በአንድ ምሽት ሦስት ባላጋራዎችን ታፕ አስደርጎ ዓለምን ያስደነቀው ሮይስ፣ በ2000 በቶኪዮ ዶም ከካዙሺ ሳኩራባ ጋር 90 ደቂቃ ታግሎ በማዕዘኑ የቆሙት ረዳቶቹ ፎጣ በመወርወራቸው ተሸነፈ። ቀጥሎ የመጣው መልስ ሰጪ ግን ነገሩን በቁጣ ያዘው። ክንድ እየተሰበረ ታፕ አለማድረግ እንደ ጀግንነት ከተነገረ ልጆች የሚማሩት ትሕትናን ሳይሆን እልኸኝነትን እንደሆነ፣ ክሩ ስለ ትሕትና ከተከፈተም ይህን ታሪክ ማወደስ ተገቢ እንዳልሆነ ተናገረ። እኔ በከፊል እስማማለሁ። ያ ግጥሚያ በሕዝብ ፊት የተደረገ የክብር ፍልሚያ ነው፤ ማክሰኞ ማታ በሠፈር ጂም ከሚደረግ ልምምድ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም። የሰበረህን አያያዝ በሰባሪህ ስም እየጠሩ ለትውልድ ማስተማር ግን ለእኔ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ትሕትና ነው።

መልስ 9። የክሩን አቅጣጫ የለወጠችው ከእስራኤሏ ከተማ ከኔታንያ የጻፈች ሐምራዊ ቀበቶ ያላት እህት ናት። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያለችው ሴት አንድ ቃል እንኳ እንዳልተነፈሰች፣ ከዚያ ዙር በኋላ ምን እንደደረሰባትም ማንም እንዳልጠየቀ አስተዋለች። ከዚያም የራሷን ነገረችን። አንድ ትልቅ አዲስ ሰው በእግሯ ማነቆ ይዛ ታፕ አስደረገችው፤ እንደገና ሲጀምሩ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ትንፋሹን ይዞ የክንዱን አጥንት በመንጋጋዋ ላይ አስደግፎ በሙሉ ክብደቱ ተጫናት፤ ዳግመኛ ስትይዘው ታፕ ማድረጉን ትቶ ብድግ አድርጎ አነሣትና በጀርባዋ መሬት ላይ ጣላት። በውድድር ይህ ወዲያውኑ ከሜዳ የሚያሰናብት ጥፋት ነው፤ በልምምድ ላይ ግን ዳኛ የለም። ለሁለት ሳምንት አንገቷን ማዞር አቃታት። ሰውየው ኋላ ላይ ጂዩ-ጂትሱ እንዴት ትሑት እንዳደረገው ለሌሎች ሲያወራ ሰማችው። ለእርሱ ትምህርት የተከፈለው ዋጋ የእርሷ አንገት መሆኑን ግን የትም ቦታ ሲናገር አልሰማችውም።

መልስ 10፣ 11 እና 12። አንድ ሰው ይህ የትግል ስፖርት ስለሆነ የፈራ ከሴቶች ጋር ብቻ ይለማመድ ሲል በደረቁ መለሰ። ከእርሱ በታች የመጣችው መልስ ሰጪ ያን ያህል ትዕግሥት አልነበራትም፤ በብዙ ጂሞች በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ሴቶች ከአንድ እጅ ጣት እንደማይበልጡ፣ እንዲህ የሚል ሰው ከእነዚያም አንዷን ሊያባርር እንደተነሣ በማይለዝብ ቋንቋ ነገረችው። አወያዩ ገብቶ ሁለቱም ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ጠየቀ፤ ስድብ ያለበትን አንድ ዓረፍተ ነገርም አነሣ።

መልስ 13። የስቶክሆልሙ ጋሼ የገቡት በዚህ መካከል ነው፤ በመድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ስፖርቱን የጀመሩት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በማኅበር ቤት ሲገቡ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ሰው፣ ጂም ውስጥ ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች ልጅ ዳሌዎን ወደዚህ ያዙሩ እያለች ታርማቸዋለች። የልጅ ልጅ ባያደርሱም ልጆቻቸውን በሚያህሉ ወጣቶች መታነቁ እንዳልከበዳቸው ጻፉ። የከበዳቸው ሳይገባቸው ገባኝ ማለትን መተው ነበር፤ በሽምግልና ወንበርም ሆነ በሥራ ቦታ የለመዱት መልስ እርሱ ነውና፣ ምንጣፍ ላይ ግን ያልገባው ሰው በሚቀጥለው ደቂቃ ስለሚታወቅ። አሁን ልጅቱን ድገሚልኝ ይሏታል፤ እርሷም ትደግምላቸዋለች። ከኔታንያ ለጻፈችው እህትም በአባታዊ ቃል አዘኑላት፤ አንገት ቀላል ነገር አይደለምና በሐኪም እንድትታይም መከሯት።

ከመልስ 14 እስከ 18 ያለው ወሬ ከጉዳዩ ወጣ ያለ ስለሆነ አሳጥሬ አልፈዋለሁ። የጋሼን ዕድሜ ተከትሎ አንዱ፣ አሜሪካዊው የምግብ ባለሙያ አንቶኒ ቦርዴይን ወደ ስድሳ ሲጠጋ ጀምሮ በ2016 በኒው ዮርክ ውድድር በዕድሜ ክልሉ ማሸነፉን አነሣ። ሌላው በሦስት ዓመት ጥቁር ቀበቶ እንደሚታጠቅ ሲጽፍ፣ ዓለም አቀፉ የጂዩ-ጂትሱ ፌዴሬሽን በመደበኛው ሕጉ ከሰማያዊ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ከሐምራዊ በኋላ 1 ዓመት ተኩል፣ ከቡናማ በኋላ 1 ዓመት እንደሚጠይቅ፣ ብዙ ሰውም አሥር ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት ተነገረው። ስለ ጆሮ ማበጥና ስለ ጭርት የተነሣው ግን ጠቃሚ ነበር፤ ያበጠ ጆሮ ውስጥ የተጠራቀመው ደም በጊዜ ካልወጣ ጆሮው እንደዚያው ጠጥሮ ይቀራል፣ ጭርት የወጣበትም ሰው እስኪድን ከምንጣፍ መራቅ አለበት።

መልስ 19። ከዚያ አንድ ወጣት፣ የት ከተማ እንደሆነ ሳይገልጽ፣ እስካሁን ለማንም ያልተናገረውን ጻፈ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀድሞ ጁዶ መሥራቱን ሲናገር አሠልጣኙ ሰምቶ፣ ከጂሙ ኃይለኛ ከሆነው ተማሪ ጋር አጣመረው፤ ሲያጣምረውም ለተማሪው በዓይኑ ምልክት ሲሰጥ ወጣቱ አይቷል። ተማሪው ክንዱን በኪሙራ ይዞ፣ ሳያቆም፣ በአንድ ጊዜ ጠመዘዘው። ወጣቱ ታፕ አድርጓል፤ ግን ታፑና የትከሻው ድምፅ እኩል ነበር የመጡት። አሠልጣኙ ወደ እርሱ መጥቶ ይህ ትምህርት እንደሚሆነው ነገረው። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ወደዚያም አልተመለሰም፤ ይህን ክር ሲያነብም ዝቅ መደረግ እንዲህ በደስታ የሚወራበት ምክንያት ሊገባው እንዳልቻለ ጻፈ።

መልስ 20 እና 21። አሥረኛውን መልስ የጻፈው ሰው ተመልሶ፣ ወጣቱ ዘግይቶ ታፕ አድርጎ ይሆናል አለ። የሕክምና ባለሙያው እስከዚያ ድረስ ጠብቆት የነበረውን ለስላሳ አነጋገር ትቶ መለሰለት። ትከሻ በፍጥነት ሲጠመዘዝ ሕመሙ ተሰምቶ እጅ ታፕ እስኪያደርግ ድረስ የሚያስፈልገው ጊዜ ከጉዳቱ ሊረዝም ይችላል። ሂል ሁክ በሚባለው የተረከዝ ቁልፍ ደግሞ ሕመሙ ሳይሰማ የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል፤ ፌዴሬሽኑ ይህን አያያዝ ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ቆይቶ በ2021 የፈቀደው ያለ ኪሞኖ ለሚወዳደሩ ቡናማና ጥቁር ቀበቶ አዋቂዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን የመወሰን ግዴታ የያዘው ሰው እንጂ የተያዘው ሰው አይደለም።

መልስ 22። የክሩ ከፋች እስካሁን ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ያችን ሰማያዊ ቀበቶ ያላትን ጓደኛውን አግኝቶ እንደጠየቃት ጻፈ። በመጀመሪያው ቀን ከእጇ ለመላቀቅ ጨርቁን በኃይል ሲመነጭቅ የቀለበት ጣቷን አጣሞባት ኖሯል፤ እስካሁንም በፕላስተር ከጎኑ ካለው ጣት ጋር አጣብቃ ነው የምትታገለው። ፕላስተሩን በየሳምንቱ ያየው ነበር፤ የእርሱ ሥራ መሆኑን ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ እርሷም አልነገረችውም። ያልነገረችው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ አዲስ ሰው ስለነበርክ አንተን ማስደንገጥ አልፈለግሁም የሚል መልስ አገኘ።

መልስ 23 የእኔ ነው። ጂዩ-ጂትሱን የምወደው በየቀኑ ተሸንፌ በማግሥቱ ጤነኛ ሆኜ የምመለስበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ የእኔ ትሕትና ሳይሆን ከላዬ ያለው ሰው እጅ ነው። ተሸናፊው የሚማረው አሸናፊው ቦታውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ እየጨመረ፣ ታፕ የማድረጊያ ጊዜ ሲሰጠው ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ጉዳት ነው፤ ትምህርት ብሎ የጠራው አሠልጣኝም በልጁ ትከሻ የራሱን ክብር ሲያስጠብቅ እንደነበረ አምናለሁ። ትሕትና እንፈልግ ከተባለ መለኪያው ነጭ ቀበቶ ያለው ሰው ስንት ጊዜ ታፕ አደረገ መሆን የለበትም፤ ጥቁር ቀበቶ ያለው ሰው የያዘውን ክንድ እንዴት ይዞታል፣ ደክሞት ሲመጣ በተማሪው ተይዞ በሁሉም ፊት ታፕ ያደርጋል ወይ ተብሎ ነው መጠየቅ ያለበት። ለወጣቱም የደረሰበት ነገር የስፖርቱ ደንብ እንዳልሆነ፣ ታፕ በማድረጉም የሚጠበቅበትን ሁሉ እንዳደረገ ጻፍኩለት።

ከመልስ 24 እስከ 27 የተሰጡት ሐሳቦች አጫጭር ነበሩ። የተወሰኑት ከእኔ ጋር ተስማሙ፤ አንዱ ግን አሸናፊውን ብቻ ተጠያቂ ማድረጌ ልክ እንዳልሆነ፣ በእልህ እስከ መጨረሻ የሚጠብቁ ሰዎችም አጋራቸውን በጭንቀት እንደሚጥሉ አስገነዘበኝ። እውነቱን ነው፤ ክንድ ሰብሮ ወደ ቤት መግባት ለሰባሪውም ከባድ ነው። የገጠሩ ታጋይ በበኩሉ በሜዳው ላይ ሽማግሌዎች ቆመው ይመለከቱ እንደነበረ፣ በክፋት የጣለ ልጅም ከትግሉ ይወጣ እንደነበረ አስታወሰን።

መልስ 28። ወጣቱ ተመለሰ። ትከሻው ድኗል፣ ሐኪሙም ፈቅዶለታል፤ መመለስ ይፈልጋል፣ ግን ጂም እንዴት እንደሚመረጥ ጠየቀ።

መልስ 29። የኔታንያዋ እህት ዘርዝራ መለሰችለት። ከመመዝገቡ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ዳር ተቀምጦ እንዲመለከት፣ ሰዎች ታፕ ሲያደርጉ የያዛቸው እጅ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለቅ እንዲያስተውል፣ ከፍተኛ ቀበቶ ያላቸው ከጀማሪና ከቀላል ሰው ጋር ሲታገሉ ክብደታቸውን እንዴት እንደሚይዙ እንዲያይ መከረችው። አሠልጣኙንም አንድ ነገር ፊት ለፊት ይጠይቀው አለች፤ ከማልፈልገው ሰው ጋር አልታገልም ማለት እችላለሁ ወይ ብሎ። በዚህ ጥያቄ ፊቱን ያጠቆረ አሠልጣኝ ጋር አንድ ቀን እንኳ እንዳይቆይ አስጠነቀቀችው።

መልስ 30። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። የተጎዳው ትከሻ የትኛው እንደሆነ ለአሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ አጋር፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ከመጀመራቸው በፊት፣ በቃሉ ይንገረው፤ ሰምቶ በዚያው ትከሻ ላይ የሚሠራ ካለ ደግሞ ዙሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ተነሥቶ ይውጣ አሉ።